መንጻት ሌላ፣ መታጠብ ሌላ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። የእህቴ ልጅ ሴት ወልዳ 80 ቀኗ ሲቃረብ በክርስትናው የጥሪ ወረቀት ላይ «የመንፃት ቀኗ ስለ ደረሰ» ብለን ጻፍን። አንድ የተማረ ዘመዳችን «መንጻት መታጠብ ነው፤ ወላድን ቆሻሻ ነበረች ማለት ይሆናል፤ ‹የማገገሚያ ቀኗ› በሉት» ብሎ አስቆመን። ሙስሊም ጎረቤታችን ደግሞ «ከኒፋስ ወጣች» ነው የሚሉት። የቱ ነው ትክክል? ፊደሉስ ጻ ነው ወይስ ፃ?

መልስ፦ ቃሉን አይሰርዙት፤ ፊደሉን ብቻ ያርሙት።

የዘመድዎን ሐሳብ ከሌሎችም ሰምቼዋለሁ። ስሕተቱ የሚጀምረው ነጻንና ጸዳን አንድ ቃል ከማድረግ ነው። ነጻ ከግእዙ ነጽሐ የመጣ ነው፤ ሰምዐ ሰማ፣ በልዐ በላ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የጉሮሮዋ ፊደል ስትወድቅ ጸ ራብዕ ሆና ቀረች። ጸዳ ግን በእኔ ዕይታ የጸዓዳ ወገን ነው፤ መነሻው ንጣት ነው። መዝሙር 50 ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል፤ በሂሶጵ ለተረጨው «እነጽሕ» (እነጻለሁ)፣ ለታጠበው ግን «እጸዐዱ» (ነጭ እሆናለሁ) ይላል ግእዙ። ዕብራይስጡ ለመንጻት የሚጠቀምበት ጠሀረ የሚባለው ዘር በዘፀአት 24፥10 ለሰማይ ጥራት ውሏል፤ በሱርስትም፣ በጥንቱ የሶርያ ቋንቋ፣ ነጽሐ «አበራ» ማለት ነው። የቃሉ ሥር ያለው ከብርሃን ዘንድ ነው እንጂ ከገንዳና ከሳሙና ዘንድ አይደለም።

ከሥርወ ቃሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ ግን ሕጉ ራሱ ነው። ዘሌዋውያን 12 ላይ ወንድ የወለደች 7 ቀን ትረክሳለች፤ በ8ኛው ቀን ልጁ ይገረዛል፤ ከዚያ 33 ቀን ትቆያለች፤ ድምሩ 40 ነው። ሴት ከወለደች 14 እና 66፣ ድምሩ 80 ነው። በሁለተኛው ክፍል የተቀደሰ ነገር አትነካም፣ ወደ መቅደስም አትገባም፤ ያን ጊዜ የሚፈሰውን ደም ግን መጽሐፉ የመንጻት ደም ብሎ ነው የሚጠራው። መንጻት እድፍ ማጠብ ቢሆን ኖሮ ደም እንዴት የመንጻት ይባላል? በዚህ ላይ፣ በምዕራፍ 15 እየተደጋገመ የሚመጣው የመታጠብ ትእዛዝ በምዕራፍ 12 አንድም ጊዜ የለም። ቀኑ ሲፈጸም የሚፈለግባት መሥዋዕት ነው፤ የአንድ ዓመት ጠቦት ለሚቃጠል መሥዋዕት፣ የርግብ ጫጩት ወይም ዋኖስ ለኃጢአት መሥዋዕት። ጠቦት መግዛት ላልቻለች ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ይበቃታል። እመቤታችን ያቀረበችው ይህን የድኻውን ነው፤ ሉቃስ 2፥22 ላይ ያለውም ቃል «መንጻት» ነው። ርኩስ የተባለውም ከመቅደስ የመራቅ ሁኔታ ነው እንጂ ቆሻሻ አይደለም።

በቀን አቆጣጠር ብዙ ሰው ይሳሳታል። 40ው ከ7ቱ በኋላ የሚጀምር አይደለም፤ 7ቱ በውስጡ ናቸው። የተወለደበት ቀንም አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ልደት ታኅሣሥ 29፣ ግዝረት ጥር 6፣ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት የካቲት 8 የሚውለው በዚህ ስሌት ነው፤ ስምንተኛውና አርባኛው ቀን። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ለወንድ በሚቀጥለው ወር በልደቱ ቀን ላይ 9፣ ለሴት በሦስተኛው ወር ላይ 19 መደመር ነው። መስከረም 1 የተወለደ ጥቅምት 10፣ የተወለደች ኅዳር 20። ጳጉሜን መሐል ከገባች 5 (በየአራት ዓመቱ 6) ይቀነሳል። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን በ40 እና በ80 ቀን ስታጠምቅ ኩፋሌ ምዕራፍ 3 ደግሞ ቁጥሩን ከአዳምና ከሔዋን ወደ ገነት መግባት ጋር ያያይዘዋል።

ወደ ፊደሉ ልመለስ። ጸ ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ከደሴ መውጣት አያስፈልግም፤ ጎረቤትዎ ምክርን ነሲሓ ሲሉ የሚያነሡት ዘር የነጽሐ ዘመድ ነው። በዐረብኛ ናሲሕ የሚባለው ማር ያልተደባለቀው፣ ጥሩው ነው፤ ፊደሉም የእኛ ጸ አቻ የሆነው ሷድ ነው። ፀ ያለበት ኀፀበ፣ ማለትም የአጠበ እናት ነው፤ «መንፃት» ብሎ መጻፍ ያንኑ የእጥበት ጥርጣሬ በፊደል ማገዝ ይመስለኛል። ነፃና ነፃነት በፀ ከመጻፋቸው የተነሣ ነጻ ብሎ የሚጽፍ አሁን እንደ ተሳሳተ ይታያል፤ እዚያ ላይ ተሸንፌአለሁ። መንጻትን ግን አልለቅም።

ኒፋስ ያሉት ጎረቤትዎ አልተሳሳቱም፤ ግን ሌላ ነገር ነው የሚሉት። ኒፋስ የወሊድ ደም ነው፤ ዘሩም ነፍሰ ጡር ከምንለው ነፍስ ጋር አንድ ነው። ከፍተኛው ጊዜ በሐነፊና በሐንበሊ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት ወገን) 40፣ በሻፊዒ 60 ቀን ነው። ደሙ ቀድሞ ከቆመ ቀድማ ትታጠባለች፤ የዘሌዋውያኑ ቀን ግን ቁርጥ ነው፣ አያጥርም። ስለዚህ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

«ማገገሚያ»ን አልወደውም። ያገገመ ሰው ታሞ የነበረ ነው፤ አራስ ግን በሽተኛ አይደለችም። ሐኪሞች እስከ 42 ቀን ላለው ጊዜ «ድኅረ ወሊድ» ይላሉ፤ ይህ ጥሩ ነው፣ አገባቡም ግእዝ ነው። «ማገገም»ም በአንዳንድ ሰው አፍ መግባቱን እሰማለሁ፤ ልከለክል አልችልም፤ ለጥሪ ወረቀት ግን አይመጥንም። አራስን ከእርሻ ጋር የሚያያይዙም ሞልተዋል፤ «ማሕፀኗ ታረሰ» ይላሉ። ዐረብኛው ይለያቸዋል፦ እርሻ ሐርስ ነው፣ ኹርስ ግን ለወላድ የሚሠራ ምግብ ነው፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ፊደል ይለያያል። «እናቷ አረሰቻት» ስንል ገንፎውን፣ አጥሚቱንና ቅቤውን ማለታችን ነው፤ ማረሻ የለበትም።

የጥሪ ወረቀቱን እንዲህ ያድርጉት፦ «የመንጻቷ ቀን ስለ ደረሰ»። ለሙስሊም ጎረቤትዎ የሚሰጡት ላይ «ከአራስ ቤት ስለምትወጣ» ቢሉ ሁለታችሁም ትግባባላችሁ።