መታጠፊያው ላይ ድርግም የሚለው ኮምፒውተር፦ የትኛውን የእሽቅድድም ጌም ልምረጥ?

ከሐዋሳ የጻፈልኝ ወንድማችን ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ኮምፒውተሩ ኮር አይ ፋይቭ 4590 ነው። ራሙ 8 ጊጋ፣ ግራፊክስ ካርዱ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጊጋ። እውነተኛ መኪና የመንዳት ስሜት የሚሰጥ ጌም ፈልጎ አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔን ጫነ። ገና ከጅምሩ ምስሉ ይቆራረጣል። ከ10 ወይም 15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ፣ ብዙ መኪና አንድ ላይ መታጠፊያ ሲገባ፣ ኮምፒውተሩ መብራት እንደሄደ ድርግም ይላል። አንድ ጠጋኝ "ካርዱ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ" ብሎታል። የኳስ ጌም ሲጫወት ግን አንድም ቀን ጠፍቶበት አያውቅም። "ጋሼ፣ ለዚህ ኮምፒውተር የሚሆን ጌም የቱ ነው?" ይላል።

ጌሙን እንመርጣለን። በመጀመሪያ ግን እኔ የጠረጠርኩት ፓወር ሰፕላይህን ነው፣ ከግድግዳው መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለውን ሳጥን። ደብዳቤህን ግማሽ ሳላደርስ ነው የጠረጠርኩት። ካርድ ሲሞት ምስል ያበላሻል፣ ስክሪኑ ላይ መስመር ያወጣል፣ የኳሱንም ጌም አያስጫውትህም። ሙቀት ቢሆን ደግሞ ፋኑ ይጮሃል፣ ጌሙ እየቆየ ይዘገያል፣ ከዚያ ነው የሚጠፋው። ያንተ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሄደው፣ ያውም ካርዱና ፕሮሰሰሩ እኩል ሲለፉ። ይሄ የጉልበት ማነስ ነው።

የላክኸው ፎቶ ደግሞ ነገሩን አጠናከረልኝ። ካርዱ ላይ የተሰካው ባለ 6 ፒን ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ የወጣ አይደለም። የሃርድ ዲስክ ገመድ ተቆርጦ፣ በእጅ ተጠምዝዞ፣ በናስትሮ ተጠቅልሏል። የናስትሮው ጫፍ ቡናማ ሆኗል፣ ጠርዙም ተኮማትሯል። ሞቆ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ ያመኛል። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ አምኖ የሰጠውን ዕቃ እንዲህ አድርጎ መመለስ ነውር ነው። በዚህ ገመድ ከእንግዲህ አንድ ደቂቃ እንኳ እንዳትጫወት። ቤት ያቃጥላል።

አሁን ካቻቢቴህን አንሳና ኬዙን ክፈት። ከዚያ በፊት ግን ስፒናውን ከግድግዳው ንቀል። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ደግሞ በፍጹም አትክፈት። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዘው ይቆያሉ። የሚያስፈልግህ ከውጪ የተለጠፈበትን ሰንጠረዥ ማንበብ ብቻ ነው።

ሰንጠረዡ ላይ በትልቁ የተጻፈውን 450 ወይም 500 ዋት እርሳው። የምታየው 12 ቮልት በሚለው ሥር ያለውን አምፔር ነው። በ12 አባዛው። 450 ዋት ተብሎ ተጽፎባቸው 12 ቮልታቸው 14 አምፔር ብቻ የሆኑ ሳጥኖች ሱቄ ብዙ ጊዜ መጥተዋል። 14 በ12 ስታባዛው 168 ዋት ነው። ያንተ ፕሮሰሰር 84 ዋት፣ ካርዱ 120 ዋት ነው። ድምሩ 204 ይሆናል። ማዘርቦርዱና ፋኖቹ ገና አልተቆጠሩም። የኳሱ ጌም ካርዱን ያን ያህል ስለማያስጨንቀው ያልፍሃል።

ካርድ ከመግዛትህ በፊት የጓደኛህን ደህና ፓወር ሰፕላይ ለአንድ ምሽት ተዋስ። የራሱ የሆነ ባለ 6 ፒን ገመድ ያለው ይሁን። ሙሉ ውድድር ጨርሰህ ካልጠፋ ካርድህ ደህና ነው። ከዚያ አዲስ ስትገዛ ባለ 80 ፕላስ ምልክት (ኃይል እንደማያባክን የሚመሰክር ነው)፣ 12 ቮልቱ 30 አምፔርና ከዚያ በላይ የሆነ ፈልግ። በእጅህ ያዘውና መዝነው። እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀልህን መልስለት። ከኋላው ቀይ መቀያየሪያ ካለው 230 ላይ መሆኑን አይተህ ስካ። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ 115 ላይ ከተውከው በሰካህበት ቅጽበት ይቃጠላል። አሮጌውን ደግሞ "ላስተካክለው" ብለህ እንዳትፈታው። እንኳን አንተ፣ እኔም ያለ ምክንያት አልነካውም።

ወደ ጌሙ እንምጣ። ኮምፔቲዚዮኔ ድንቅ ጌም ነው፣ ግን ላንተ ማሽን ከባድ ነው። በፈረንጆቹ 2019 የወጣ ነው። ያ ከጅምሩ የምታየው መቆራረጥ የፓወሩ ጉዳይ አይደለም፤ በ8 ጊጋ ራምና በ3 ጊጋ ካርድ ጌሙ ይታፈናል። ደግሞ ውስጡ ያሉት የጂቲ ውድድር መኪናዎች ብቻ ናቸው። ላንተ የምመርጥልህ ታላቅ ወንድሙን ነው፣ በፈረንጆቹ 2014 ታኅሣሥ ወር የወጣውን አሴቶ ኮርሳን። የዚያው የጣሊያኑ ኩባንያ የኩኖስ ሥራ ነው። ሮም አቅራቢያ ያለው የቫሌሉንጋ መወዳደሪያ ሰዎቹ ደጃፍ ነው ማለት ይቻላል። ሞንዛን፣ ኢሞላንና ሙጄሎን በሌዘር ለክተው ስላስገቡት አስፋልቱ ላይ ያለችው ጉብታ ሳትቀር እጅህ ላይ ትመጣለች። ያንተ ካርድ ያለ ችግር ያስኬደዋል።

ሰው ሁሉ እውነተኛ ጌም ሲል ምስሉን ነው የሚያየው። እኔ የማየው ጎማውን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ።

መሪ ስታዞር የፊት ጎማው የዞረበት አቅጣጫና መኪናው የሚሄድበት አቅጣጫ አንድ አይደለም። በመሃላቸው ትንሽ ልዩነት አለ። ጎማው መሬት የሚነካው የመዳፍህን ያህል በምትሆን ቦታ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ያለው ላስቲክ ይጣመማል፣ ሲጣመም ወደ ጎን ይገፋል፣ መኪናውን የሚያዞረው ያ ግፊት ነው። ላስቲኩ ይበልጥ የሚጣመመው በዚያች መዳፍ በምታህል ቦታ የኋለኛ ክፍል ስለሆነ ግፊቱም ከመሃል ወደ ኋላ ያደላል። ስለዚህ ጎማውን መልሶ ቀጥ ሊያደርገው ይታገላል። እጅህ ላይ የሚሰማህ የመሪ ክብደት ይሄ ነው። መሪውን እየጨመርክ ስትሄድ ታዲያ የመዳፉ የኋለኛ ክፍል ቀድሞ መንሸራተት ይጀምራል። ግፊቱ ወደ መሃል ይመጣል፣ ትግሉም ይቀንሳል። ጎማው ገና ሳይለቅ መሪው ይቀልሃል ማለት ነው። መኪናው "በቃኝ" የሚልህ በዚያች ቅለት ነው። ፓወር መሪ በሌለው ዲኤክስ ኮሮላ፣ ክረምት መግቢያ ላይ፣ ዘይትና አቧራ በመጀመሪያው ካፊያ ተለውሶ አስፋልቱ ሲያዳልጥ የነዳ ሰው ይህቺን ቅለት ያውቃታል። እኔ የተማርኳት እዚያ ነው። መሪው እንደ ባዶ ሳህን ይሆንብሃል፣ አፍንጫው ወደ ውጪ ይሄዳል፣ ያኔ መሪ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው የሚያድንህ። ጥሩ ጌም ይህንን እጅህ ላይ ይነግርሃል። መጥፎ ጌም ጎማው ከለቀቀ በኋላ በጩኸት ይነግርሃል።

ለዚህ ነው አሁን ያለህ መሪ የማይረባህ። 180 ዲግሪ ብቻ የሚዞር፣ ውስጡ ላስቲክ ተወጥሮ ወደ መሃል የሚመልሰው ነው። ሲንቀጠቀጥ ሞተር ያለው ይመስላል፣ ግን የስልክ ንዝረት ነው። በዚህ ዕቃ ላይ ገንዘብ መጣል ያናድደኛል፣ ልጆች አጠራቅመው ነው የሚገዙት። ሎጂቴክ ጂ29 ወይም ያገለገለ ጂ27 ፈልግ። ሁለቱም 900 ዲግሪ ይዞራሉ፣ በሞተር ነው የሚታገሉህ። ያገለገለ ስትገዛ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙረህ የጥርሱን ድምፅ ስማ። ፍሬኑን ቀስ ብለህ እየረገጥክ ስክሪኑ ላይ እየዘለለ መሆኑን እይ። ከዘለለ ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ የሚለካው ፖቴንሽዮሜትር ቆሽሿል፣ ዋጋ አስቀንስበት።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ላይቭ ፎር ስፒድን በነፃ ሞክር። ዴሞው ሦስት መኪናና ብላክዉድ የሚባለውን አንድ መወዳደሪያ ይሰጥሃል። ዳታህንም ብዙ አይበላም። የጎማው ነገር እዚያም አለ። ፒስታ ከወደድክ በፈረንጆቹ 2004 የወጣው ሪቻርድ በርንስ ራሊ እስከ ዛሬ የሚወደድ ነው። አይሬሲንግን ተወው፣ በየወሩ ይከፈላል፣ መስመር ሲቆረጥም ውድድርህ አብሮ ይቆረጣል። ቢም ኤንጂ የሚባለው ጌም መኪና ሲጋጭ ቆርቆሮ አጣጥፎ ሲያሳይህ ደስ ይላል፣ ግን መኪና ሲበዛ ፕሮሰሰርህ ይደክማል።

አሴቶ ኮርሳን ስትጭን ጥላንና ነጸብራቅን ቀንስ። በሰከንድ የማይቆራረጥ 60 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) ከሚያምር ምስል ይበልጣል። የዕይታ ስፋቱን ስክሪኑ ከዓይንህ ባለው ርቀት ልክ አጥብበው፣ መጀመሪያ የጠበበ ይመስልሃል፣ በሁለተኛው ቀን ፍሬን የምትይዝበት ቦታ ይገባሃል። በአባርት 500 ጀምር። ሲለምድህ ቢኤምደብሊው ኤም3 ኢ30 ውሰድ፣ እሱ ከኋላ ስለሚገፋ ሌላ ትምህርት ነው።

ሰንጠረዡን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ የ12 ቮልቱ አምፔር በደንብ ይታይ። ስታነሣው ስፒናው ከግድግዳው ተነቅሎ፣ የፓወር ሰፕላዩም ክዳን እንደታሸገ ይሁን።