መልስ፦ ቃሪያ ያደረበት ቴኪላ አቃጠለኝ፣ ምን ላድርገው?

እህቴ፣ ቴኪላውን እንዳትደፊው! ለማርጋሪታ (ቴኪላ፣ ሎሚና የብርቱካን ሊከር ተቀላቅሎ የሚሠራ መጠጥ) ብለሽ ቃሪያ ዘፍዝፈሽ ማሳደርሽ ነው ጣጣው። የቃሪያን ማቃጠል የሚያመጣው ካፕሳይሲን በውሃ እምብዛም አይሟሟም፣ በአልኮል ግን ቶሎ ይወጣል። ስለዚህ አሁኑኑ አጥልይውና ቃሪያ ያልነካው ቴኪላ ጥቂት በጥቂት እየጨመርሽ ቅመሺው። ውሃ ጨምረሽ ግን አታቅጥኚው፣ ጣዕሙን ነው የምትገድይው።

ለሌላ ጊዜ ለሩብ ሊትር ነጭ ቴኪላ አንድ ቃሪያ ይበቃል። ለስንግ እንደምታዘጋጂው ሰንጥቀሽ ፍሬውንና በተለይ ፍሬው የተያያዘበትን ነጩን ክፍል አውጪ። ዋናው እሳት እሱ ጋ ነው፤ ፍሬው በከንቱ ይታማል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ቅመሺ፣ ከዚያም በየጥቂት ደቂቃው። ጉሮሮ ላይ ሞቅ ሲል በቃ፣ ቃሪያውን አውጪ።

የማርጋሪታው ልክ ለአንድ ሰው፦ 60 ሚሊ ሊትር ቴኪላ፣ 30 የሎሚ ጭማቂ፣ 20 የብርቱካን ሊከር (ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ)፣ 10 በሙቅ ውሃ የቀጠነ ማር። ሎሚው እዚያው የተጨመቀ ይሁን፤ የኛ ትንሿ ሎሚ ለዚህ መጠጥ የተፈጠረች ናት። ሁሉንም ከበረዶ ጋር ሼከር (መጠጥ መናጫ ዕቃ) ውስጥ ጨምረሽ፣ ሼከሩ እጅሽን እስኪያቀዘቅዘው ድረስ በደንብ ናጪው። ከዚያ በሻይ ማጥለያ አሳልፊው። የሆቴል መልክ የሚሰጠው ይሄ ነው፤ የቃሪያ ስብርባሪ የሚንሳፈፍበት ብርጭቆ አያምርም።

የብርጭቆውን ጠርዝ ሎሚ ቀቢና ግማሹን ብቻ ጨው ከቁንጥር ሚጥሚጣ ጋር አስነኪው። ማቃጠል የማይወድ እንግዳ በሌላው በኩል ይጠጣል።