ልጆቼ፣ ጣውላውን ነቅላችሁ ከመጣላችሁ በፊት

እድሜዬን በአናጢነት ነው የጨረስኩት፣ ጎንደር ውስጥ ያልሰራሁበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። አሁን አሁን ግን ፒያሳ አካባቢ ሳልፍ አንድ ነገር ያንገበግበኛል፣ ወጣቶቹ ከቤተሰብ የወረሱትን ቤት ሲያድሱ መጀመሪያ የሚነቅሉት ወለሉን ነው፣ የዋንዛና የጽድ ጣውላ ደጅ ተከምሮ ለማገዶ ይሄዳል፣ በቦታው ሴራሚክ ወይ ላሚኔት ይገባል። ለምን ስላቸው "አርጅቷል፣ ጠቁሯል፣ ስንረግጠው ይጮሃል" ይሉኛል።

እሺ ጠቁሯል፣ ግን ምኑ ነው የጠቆረው? አብዛኛውን ጊዜ እኮ እንጨቱ አይደለም፣ ለአመታት ሲቀባ የኖረው ሰምና ሰሙ ላይ የተጋገረው አቧራ ነው። አንዴ የአንዲት እናት ቤት ልጃቸው ወለሉን ሊያስነቅል ጠርቶኝ፣ እስኪ መጀመሪያ ጥጉን ልሞክር ብዬ ሰሙን በመፋቂያ አንስቼ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ ያ የዋንዛ ቡናማ ቀለም ከነመስመሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ቡና የሚፈላበት ቦታ ላይ ብቻ ፍም ወድቆ በጥልቀት ያቃጠለው ጣውላ ነበር፣ እሱ በመላግ፣ ማለትም ላዩን በስሱ በመላጥ፣ የሚለቅ አልነበረም። ስለዚ ከቁምሳጥኑ ስር አንድ ጣውላ አውጥተን እዛ ተካነው፣ አዲስ እንጨት ብናስገባ ቀለሙ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ስላላረጀ ገና ከበር ያስታውቅ ነበር፣ አዲሱን ማንም የማያየው ቁምሳጥን ስር ከተትነው። ይህቺን ዘዴ ያዟት።

ላሚኔትን አልጠላም፣ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይነጠፋል። ግን ላዩ የእንጨት ፎቶ ነው፣ ስሩ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ፣ አንዴ ከተፋቀ የሚላግ ነገር የለውም፣ ውሃ ከገባበት ደሞ ጠርዙ አብጦ ይቀራል። 2 ሳንቲም ውፍረት ያለው ደህና ጣውላ ግን አንዴ በማሽን ሲላግ የሚሄደው 1 ሚሊ ቢሆን ነው፣ ስለዚ ጣውላዎቹ እርስ በርስ የሚነካከሱበት ጥርስ ጋ እስኪደረስ ድረስ ደጋግሞ ይታደሳል። አያት የረገጠውን የልጅ ልጅ ይረግጠዋል፣ እኔ ጣውላ የምወደው በዚ ነው። ጩኸቱም ቢሆን ምስማሩ ላልቶ ወይ ስሩ ያለው ሞራሌ፣ ጣውላው የሚመታበት አግዳሚ እንጨት፣ ተንቀሳቅሶ ነው፣ ማጥበቅ ነው፣ ያልቃል።

እንጨትን እድሜ አይገድለውም፣ የሚገድለው ውሃና ምስጥ ነው። ፋሲል ግቢ ውስጥ ጣሪያቸው የፈረሰውን ቤተመንግስቶች እዩዋቸው፣ ድንጋዩና ኖራው ቆሟል፣ የፎቁ እንጨት ግን የለም። ደብረ ብርሃን ስላሴ ቤተክርስቲያን ስትገቡ ደሞ ቀና በሉ፣ ጣሪያው ላይ የተሳሉት መላእክት እስከዛሬ ቁልቁል ያዩናል፣ ጣሪያው ዝናብ ስላላስገባ ነው። ስለዚ ወለል ከመንካታችሁ በፊት ቆርቆሮውንና አሸንዳውን አስተካክሉ፣ ከጣውላው ስር አየር የሚገባበት ቀዳዳ ካለም እንዳትደፍኑት።

አዲስ የምታነጥፉ ደሞ አትቸኩሉ። እንጨት ክረምት ያብጣል በጋ ይኮማተራል፣ ያውም ወደ ጎኑ እንጂ ወደ ርዝመቱ እምብዛም። እርጥቡን ሐምሌ ላይ ብትመቱት ጥር ላይ በየመሃሉ የገንዘብ ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ታገኛላችሁ። ከግንድ በመጋዝ የተሰነጠቀ ጣውላ ጥላ ስር፣ በየመሃሉ ጭራሮ ገብቶለት አየር እያገኘ፣ 2 ሳንቲም ተኩል ለሚሆን ውፍረት አንድ አመት ገደማ ይፈልጋል። ስታነጥፉም ከግድግዳው አንድ ሳንቲም ያህል ራቁ፣ ዞኮሎው፣ ግድግዳው ግርጌ የሚመታው ጠባብ ጣውላ፣ ይሸፍነዋል። ባህር ዛፍ ርካሽ ነው ብላችሁ ከሆነ ሲደርቅ የሚጣመመውንና የሚሰነጠቀውን አስቡ። ከመንግስት ደን ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ መቁረጥ ደሞ በህግ የተከለከለ ነው፣ መሆንም ያለበት እንደዛ ነው፣ ደናችን አልቋል እኮ። ከሚፈርስ ቤት የወጣ አሮጌ ጣውላ ፈልጋችሁ ግዙ፣ ድሮ ደርቆ የጨረሰ ነው፣ ብቻ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ምስማሩ አንድም ሳይቀር ይነቀል።

እንክብካቤው ቀላል ነው፣ እንደ ሊሾ ውሃ ደፍታችሁ አትጠቡት፣ ጨርቁን በደንብ ጨምቃችሁ ወልውሉት። ቡና ስታፈሉ ከምድጃው ስር ሰፋ ያለ ቆርቆሮ ይነጠፍ። ለበአል ቄጠማ ስትጎዘጉዙም ውሃውን አራግፋችሁ ይሁን፣ እንግዳ እንደሄደ ማታውኑ ጥረጉት፣ እርጥብ ቄጠማ ጣውላ ላይ ካደረ ጥቁር ምልክት ይተዋል፣ እሱን ለማስለቀቅ ደሞ መላግ ነው።