ቡችላሽ ሌሊት የሚያለቅሰው ሞልቃቃ ሆኖ አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። በችኮላ ከምመልስልሽ ብዬ አሳደርኩት። ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ፦ እህታችን አዲስ አበባ ተከራይታ በምትኖርበት ግቢ የሁለት ወር ወንድ ቡችላ ካመጣች ዛሬ አራተኛ ሌሊቷ ነው። በረንዳ ላይ ካርቶን ውስጥ ይተኛል፤ መብራት ከጠፋ ጀምሮ እስኪነጋ ያለቅሳል። አከራይዋ ሁለት ጊዜ መጥተው በር አንኳኩተዋል። ባለቤቷ "ተይው፣ አልቅሶ አልቅሶ ይተዋል፤ ለጥበቃ ያመጣነውን ውሻ ከአሁኑ አታሞላቅቂው" ይላታል። ከኔ በፊት ከመለሱላትም ብዙዎቹ ይህንኑ ብለዋል። እሷ ደግሞ አንጀቷ አልቻለም።

አንጀትሽን ስሚ። "ተይው" የሚለውን ምክር እኔም ሰምቼ አድርጌዋለሁና የሆነውን ልንገርሽ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የምታዪው። የዛሬ 12 ዓመት ገደማ ሊዮን ያልኩትን ቡችላ ያመጣሁት በታኅሣሥ ነበር። ዕድሜው ገና ወር ከሳምንት። ግቢ ውስጥ የቆርቆሮ ቤት ሠርቼለት፣ ጆንያ አንጥፌ አስተኛሁት። ሦስት ሌሊት አለቀሰ፤ በአራተኛው ጸጥ አለ። "ይኸው ለመደ" ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ስወጣ ከጆንያው ወርዶ የሳሎኑ በር ሥር ተኮራምቶ አገኘሁት። ሳነሳው ሆዱ ሳይቀር ቀዝቅዟል፤ ጅራቱን አልቆላም፣ ዓይኔንም አላየም። ያ መልመድ አልነበረም፤ የሚመጣለት እንደሌለ ገብቶት መጣራቱን ትቶ ነው። አደገ፣ ብዙ ዓመትም ኖረ፤ ግን ብቻውን ሲቀር በሩን እየቧጠጠ ጥፍሩን የሚያደማ፣ ነጎድጓድ በሰማ ቁጥር አልጋ ሥር የሚገባ ውሻ ሆኖ ኖረ። እስከ ዛሬ ያንን ጠዋት ሳስበው ይከፋኛል።

ነገሩን ከቡችላው በኩል እዪው። ከተወለደ ጀምሮ አንድም ሌሊት ብቻውን ተኝቶ አያውቅም። ከእናቱ ጡት ሥር፣ ከወንድምና እህቶቹ ጋር ተደራርቦ፣ የአንዱ ልብ ምት ከሌላው ሆድ ጋር እየተሰማ ነው ያደረው። እዚያ ሲያለቅስ እናቱ ትመጣለች። ስለዚህ ለቅሶው ሌላ ቋንቋ የሌለው ልጅ ጥሪ ነው። አንቺ ዘንድ ሲመጣ ሙቀቱም፣ ሽታውም፣ ድምፁም በአንድ ቀን ጠፋበት። እኛ አገር ደግሞ ቡችላ በወሩ ከእናቱ ነጥሎ መስጠት የተለመደ ነው፤ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱ ጋር ቢቆይ ይሻል ነበር። የሰጡሽ ሰዎች "ሁለት ወሩ ነው" ቢሉሽም ጥርሱንና አበላሉን ሐኪም ይይልሽ። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ትዕግሥትሽ እጥፍ መሆን አለበት።

ሁለተኛዋ ውሻዬ ቡኒ ስትመጣ ሌላ መንገድ ያዝኩ። እናቴ ያኔ አብራን ትኖር ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ሥዕለ አድኅኖና የጸሎት መጽሐፏ ስላለ ውሻ ከደጃፍ እንዲያልፍ አትፈልግም። ይህን ማክበር ነበረብኝ። ቡኒን ግቢ ውስጥ ብቻዋን ላለመተው ደግሞ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ስለዚህ ፍራሼንና ጋቢዬን ተሸክሜ ከቤቱ ጀርባ ያለው ማድቤት ገባሁ። ቡኒን የቲማቲም ሳጥን ውስጥ፣ ለብሼው የሰነበትኩትን ሹራብ አንጥፌ፣ ራስጌዬ አስተኛኋት። ማልቀስ ስትጀምር እጄን ወደ ሳጥኑ ሰደድኩ። አላነሳኋትም፣ አላወራኋትም። አፍንጫዋን መዳፌ ላይ ለጠፈች፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ጣቴን አፏ ውስጥ እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። ክንዴ ደንዝዟል፤ ላወጣው ስል ትነቃለች፤ እንደገና እተወዋለሁ። እንዲህ ሆነን አደርን። በአምስተኛው ሌሊት እጄን ሳትፈልግ ተኛች። በስድስተኛው ፍራሼን ወደ በሩ አሸሸሁ። በዘጠነኛው በሩን ገርበብ አድርጌ በረንዳው ላይ ተኛሁ። በአሥራ ሁለተኛው አልጋዬ ላይ ነበርኩ፤ ቡኒም ማድቤቷ ውስጥ እስከ ንጋት 11 ሰዓት ድምፅ አላሰማችም።

የምልሽ እንግዲህ ይህን ነው፤ መጀመሪያ ቅረቢው፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ራቂው። መራቅ የሚችለው መቅረቡን ካመነ በኋላ ነው። ካርቶኑን ዛሬ ማታ ከበረንዳው አንሺና አልጋሽ አጠገብ አድርጊው። ውሻ ቤት ማስገባት የማይቻል ከሆነ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ፍራሽ አንጥፋችሁ አንቺና ባለቤትሽ ተፈራረቁ። ካርቶኑ ቆሞ የሚዞርበትና ተዘርግቶ የሚተኛበት ያህል ይሁን፤ በጣም ከሰፋ አንዱን ጥግ ሽንት ቤት ያደርገዋል። ከወሰድሽበት ቤት ጋር ከተስማማሽ፣ እናቱ የምትተኛበት ላይ አሮጌ ጨርቅ አንድ ቀን እንዲያነጥፉልሽ ጠይቂና አምጪው። ያ ሽታ ከማንኛውም ለስላሳ ብርድ ልብስ ይበልጥበታል።

ለብርዱ በሃይላንድ ሞቅ ያለ ውኃ ሙዪ፤ የእጅሽ መዳፍ የማይሸሸው ዓይነት እንጂ የፈላ አይደለም። ክዳኑን አጥብቂው፣ በወፍራም ካልሲ ጠቅልዪውና ከካርቶኑ አንድ ጎን ብቻ አስቀምጪው፤ ሲሞቀው የሚሸሽበት ቦታ ይኑረው። ከሰል ግን ፈጽሞ እንዳታስገቢ። በዚህ ብርድ ስንቱ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ ተኝቶ ሳይነሳ ቀርቷል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ አንቺንም ቡችላውንም ይዞ ይሄዳል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ልምጣ፤ ሽንት። የሁለት ወር ቡችላ ቀን ቀን ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ መያዝ አይችልም፤ ሌሊት ተኝቶ ትንሽ ይጨምራል። ስለዚህ እስኪነጋ ዝም እንዲል መጠበቅ ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው። ሁሉም ለቅሶ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ በሁለት ሌሊት ውስጥ ጆሮሽ ይለየዋል። እንደተኛ ወዲያው የሚጀምረው፣ እያረፈ እየቆመ የሚቀጥለው የናፍቆት ነው፤ ለዚያ እጅሽ ይበቃል። ሦስት አራት ሰዓት ጸጥ ብሎ ተኝቶ ድንገት ተነስቶ የሚዞር፣ የሚያሸትት፣ ካርቶኑን የሚቧጥጥ ከሆነ ደግሞ ሽንቱ መጥቷል። ያኔ አትዘግዪ። በእግሩ እንዲሄድ አትተይው፤ በሩ ላይ ሳይደርስ ይለቀዋል። አቅፈሽ አውጪው፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አስቀምጪውና አምስት ደቂቃ ዝም ብለሽ ቁሚ። ሲሸና በለሆሳስ "ጎበዝ" በዪውና መልሰሽ አስተኚው። ትልቁን መብራት አታብሪ፣ አታጫውቺው፣ ምግብ አትስጪው። ሌሊት መነሳት ሽንት ብቻ እንደሆነ፣ ጨዋታ እንደሌለበት ይወቀው።

የሚሸናበት ቦታ ግቢ ውስጥ ይሁን እንጂ መንገድ ላይ አታውርጂው። ክትባቱን ሳይጨርስ የሰፈር ውሾች የሚጸዳዱበት አፈር ላይ ከወረደ ፓርቮ የሚባል በሽታ ሊይዘው ይችላል፤ ፓርቮ ደግሞ ቡችላን በጥቂት ቀን ይገድላል። የመጀመሪያው ጥምር ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይጀመርና በየሦስት አራት ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ድረስ ይደገማል፤ የእብድ ውሻ በሽታው ክትባት በሦስተኛ ወሩ ነው። ይህን አትዝለዪ።

እኔን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ዘዴ ከቡኒ ቀድሜ መንቃቴ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንደምትነሳ ሳውቅ ስልኬን 7 ሰዓት ከ40 ላይ ሞላሁት። ሳታለቅስ አውጥቼ አሸናትና መልሼ አስተኛታለሁ። ከዚያ በየሦስት ሌሊቱ ሃያ ደቂቃ እየገፋሁ ሄድኩ። በሦስት ወር ተኩሏ አንድም ጊዜ ሳትነሳ ማደር ጀመረች። አንዳንዱ በሦስት ወሩ ይችላል፣ አንዳንዱ እስከ አራት ወር ይቆያል፤ ከጎረቤት ቡችላ ጋር አታወዳድሪው።

ካርቶኑ ውስጥ ቢሸና አትቆጪው፣ አፍንጫውንም ሽንቱ ላይ አታሺው። የሚማረው ከአንቺ መደበቅን ብቻ ነው። ወለሉን በአቼቶና በውኃ እጠቢው፤ በረኪና ሽንት ላይ ሲፈስ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል፣ አቼቶና በረኪናንም አንድ ላይ አትቀላቅዪ።

ራቱን ማታ 12 ሰዓት ገደማ ስጪውና ከመተኛቱ በፊት ሁለት ጊዜ አውጪው። ውኃ አትከልክዪው፤ መጨረሻ ላይ ሲጠጣ ብቻ ተከታተዪው። የላም ወተት ብዙ ቡችላ ሆድ ያላላል፤ ሌሊት ደጋግሞ የሚነሳ ቡችላ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ወተት ይሰጡት እንደሆነ ነው። ከወጥ የተረፈውንም ተይ። ጨውና በርበሬው ያስጠማዋል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርቱ ደግሞ የውሻን ደም ይጎዳል።

ሌላም አለ። ሆዱን ተመልከቺው። እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ጎኑ ግን ከስቶ ከሆነ ብዙ ጊዜ የአንጀት ትል አለበት ማለት ነው፤ እዚህ አገር ያለ ትል ያደገ ቡችላ ጥቂት ነው። ሆዱን እየቆረጠው እንዴት ይተኛ? የትል መድኃኒቱን በኪሎው መጠን ሐኪም ይስጥሽ፤ ትሉ ወደ ልጆችም ይተላለፋልና እጅ መታጠብ አትርሱ። ፀጉሩን ገልጠሽ ቁንጫም እዪ። ቁንጫ ካለበት ሌሊቱን ሲያክ ነው የሚያድረው። እባክሽ የከብት መርጨቻም ሆነ የበረሮ መድኃኒት እንዳትረጪበት፤ ለትንሽ ቡችላ መርዝ ነው። ካስመለሰው፣ ደም ያለበት ተቅማጥ ከያዘው፣ መብላት ትቶ ከደከመ ግን ይህ የእንቅልፍ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጪ።

ባለቤትሽ ስለ ጥበቃው ያነሳው ሐሳብ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ሰው እንዲሁ ያስባል። የኔን ሁለቱን ውሾች ይመልከት። ውጪ ብቻውን ያደገው ሊዮን ጥላ ሲያይ ይጮኽ፣ ሰው ሲጠጋው ይሸሽ ነበር። ማድቤት ውስጥ ጣቴን ይዛ የተኛችው ቡኒ በአምስት ወሯ በራሷ ፈቃድ በረንዳው ላይ መተኛት ጀመረች። ዛሬ ሌሊት ስትጮኽ እነሳለሁ፤ ያለ ምክንያት እንደማትጮኽ አውቃለሁና። ጅብ በአጥራችን ጥግ ሲያልፍ ድምፅዋ ሌላ ነው፣ ሰው ሲሆን ሌላ። ስለ ጅብ ካነሳሁ አይቀር፦ አዲስ አበባም ዳር ዳሩ ጅብ አለ፤ የሁለት ወር ቡችላ አጥሩ ባልጠበቀ ግቢ ማሳደር በዚህ ብቻ እንኳ አይገባም።

አከራይሽን ደግሞ ሳያንኳኩ ቀድመሽ አነጋግሪያቸው። ጠዋት ቡና ሲፈላ ሂጂና "እትዬ፣ ሌሊቱን ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ፤ ከዛሬ ጀምሮ ውስጥ አጠገቤ ነው የማስተኛው፣ አንድ ሳምንት ይታገሱኝ" በያቸው። ሰው የሚማረረው በድምፁ ብቻ አይደለም፤ ማለቂያው መቼ እንደሆነ ባለማወቁም ነው።

አንድ ነገር ሳይጠቀስ እንዳያልፍ፤ ከሳምንት በኋላ ስትርቂው ትንሽ ማጉረምረሙ አይቀርም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቂው፤ ድምፁ እየቀነሰ ከሄደ ተይው፣ ራሱን እያስተኛ ነው። እየጨመረ፣ እየቀጠነ ከሄደ ግን ተመለሺና እንደገና አንድ እርምጃ ቅረቢ። ወደ ኋላ መመለስ ሽንፈት አይደለም፤ እኔም ከቡኒ ጋር በሰባተኛው ሌሊት ፍራሼን ወደ ሳጥኑ መልሻለሁ።

ዛሬ ማታ ካርቶኑን አስገቢው፣ ስልክሽን 7 ሰዓት ተኩል ላይ ሙዪው። ጠዋት ስንት ጊዜ እንደተነሳ፣ ሆዱ ምን እንደሚመስልና ምን እንደምትመግቢው ጻፊልኝ፤ ከዚያ በመነሳት እንቀጥላለን።