ሞዴሉ በሙከራ 95 በመቶ አምጥቶ በአዲስ በረራ ላይ የሚወድቀው ለምንድን ነው?

ከአውሮፕላን በተነሱ ፎቶዎች ላይ ዱጎንግ (ሣር የሚበላ ትልቅ የባሕር አጥቢ እንስሳ) የሚፈልገው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴልዎ በሙከራ 95 በመቶ አምጥቶ፣ በአዲስ በረራ ላይ ግን የማዕበል አረፋ እየለቀመ እንስሶቹን እንደሚያልፍ ጽፈዋል። ሞዴል ከመቀየርዎ በፊት የማሠልጠኛውንና የሙከራውን ፎቶ በምን እንደለዩ ይመልከቱ። በዘፈቀደ ከሆነ ችግሩ እዚያው ነው። ተከታታይ ፎቶዎች ስለሚደራረቡ ያው እንስሳ፣ ያው ብርሃን፣ ያው ውሃ በሁለቱም በኩል ይገባል። በበረራ ይለዩ፤ ለሙከራ የተመደበው በረራ አንድም ፎቶው ለሥልጠና አይዋል። ውጤቱ ይወርዳል፤ የሚታመነው ግን እሱ ነው።

ቀጥሎ አንድ ፒክስል በውሃው ላይ ምን ያህል እንደሚሸፍን ያስሉ፦ የበረራው ከፍታ በካሜራው ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ ክፍል) የፒክስል መጠን ተባዝቶ ለሌንሱ የትኩረት ርቀት ይካፈላል። 300 ሜትር፣ 4 ማይክሮ ሜትርና 50 ሚሊ ሜትር ከሆኑ 2.4 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። 3 ሜትር የሚረዝም ዱጎንግ 125 ፒክስል ይይዛል፤ 1.1 ሜትር የሆነ ግልገል ግን 46 ብቻ። ስለዚህ ፎቶውን አያሳንሱት፣ ይቆራርጡት። 6000 በ4000 ፒክስል የሆነው ፎቶ በ640 ካሬ፣ በ150 ፒክስል መደራረብ ሲቆረጥ 96 ቁራጭ ይወጣዋል። መደራረቡ ከእንስሳው ርዝመት ካነሰ ጠርዝ ላይ ያረፈው ለሁለት ተከፍሎ ያመልጣል። የካሜራውን መዝጊያም ይፈትሹ፤ በሰከንድ 50 ሜትር ለሚበር አውሮፕላን 1/2000 ሰከንድ አንድ ፒክስል ያህል ብቻ ያደበዝዛል፣ 1/500 ግን አራት።

ለአረፋው መድኃኒቱ የሞዴሉ ስሕተት ራሱ ነው። ዱጎንግ ብሎ የጠቆማቸውን አረፋ፣ ነጸብራቅ፣ ወፍና ድንጋይ «ባዶ» ብለው መልሰው ያሠልጥኑበት፤ ከሙከራው በረራ ግን ምንም አይውሰዱ። ባሕሩ በቦፎርት መለኪያ (የነፋስንና የማዕበልን ኃይል ከ0 ጀምሮ በሚለካው) ከ3 ካለፈ ሥልጠና ብዙ አያድንም፤ የተሻለ ቀን መጠበቅ ይሻላል። ነጸብራቅ ፈጽሞ ያነጣው የውሃ ክፍል ደግሞ እንዳልታየ ይቆጠር፣ ስፋቱም ከተጠናው ቦታ ይቀነስ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ሲዘለል የእንስሳቱ ብዛት ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይወጣል።

የእርግጠኝነት ወሰኑን፣ ማለትም ሞዴሉ ለመጠቆም ምን ያህል እርግጠኛ መሆን እንዳለበት የሚወስነውን ቁጥር፣ ዝቅ አድርገው ጥቆማውን ሁሉ ሰው እንዲያየው ያድርጉ። የሐሰት ጥቆማ የሚያባክነው ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ያመለጠ እንስሳ ግን ማንም አያየውም። ሞዴሉ ባዶ ካላቸው ቁራጮችም በዕጣ አውጥተው ያስፈትሹ፤ ምን ያህል እንደሚያመልጠው የሚታወቀው በዚህ ነው።

ሲቆጥሩ ድግግሞሹን ይጠንቀቁ። ፎቶው በበረራው አቅጣጫ 96 ሜትር ሸፍኖ በየሰከንዱ ከተነሳ ግማሽ ያህሉ ይደራረባል፤ የየጥቆማውን የጂፒኤስ ቦታ አስልተው አንድ የሆኑትን ያዋህዱ። ጠልቆ ያለ እንስሳ ደግሞ በፎቶው ላይ ጨርሶ ስለማይኖር የትኛውም ሞዴል አያገኘውም። ለእሱ ማስተካከያ የሚሰላው መሣሪያ ከታሰረባቸው እንስሳት የመጥለቅ መረጃ ነው፤ ለጠራና ለደፈረሰ ውሃም ለየብቻ ይሰላል።