ጅብ፣ ቀበሮና ጭላዳ በደጃችን፦ የሰሜን ሸዋ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ እንደምን ዋላችሁ። አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ በእንስሳት ጤና ሥራ መንዝን፣ ይፋትንና ቡልጋን ዞሬያለሁ። የአውሬን ጠባይ የተማርኩት አውሬ የነከሰውን ከብት እያከምኩ ነው። ዛሬ ቤት ድረስ ስለሚመጡ የዱር አራዊት ጠይቁኝ። ስትጠይቁ ቦታውን፣ ሰዓቱንና በዓይናችሁ ያያችሁትን ጻፉ፤ «አንድ አውሬ መጣብን» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም። ከሁሉ አስቀድሞ፦ ውሻም ይሁን ጅብ፣ ቀበሮም ይሁን ድመት የነከሰው ሰው ቁስሉን እዚያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ከዚያ ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ እናቴ ሌሊት 10 ሰዓት ለኪዳን ትወጣለች። ጾሙ ከገባ ወዲህ ቆሻሻ መጣያው ዘንድ ሁለት ሦስት ጅብ አይጠፋም። «አትሂጂ» ብንላት አትሰማንም። ምን ይሻላል?

መላሽ፦ እናትህን ከቤተ ክርስቲያን አታስቀሯት፤ ብቻዋን ግን አትሂድ። ጎረቤት ተጠራርቶ ሦስት አራት ሆኖ ይውጣ። ጅብ የሚደፍረው ብቸኛውን፣ የሚሮጠውን፣ የወደቀውንና ደጅ የተኛውን ነው። ምርኩዟንና ደህና ባትሪ ትያዝ። ካጋጠማት አትሩጥ፣ ጀርባዋንም አትስጠው። ቆም ብላ መብራቱን ዓይኑ ላይ ታብራበት፤ ነጠላዋን ከፍ አድርጋ ዘርግታ ትጩህበት፤ ፊቷን ሳታዞር ቀስ እያለች ወደ ኋላ ታፈግፍግ። ልጅ አብሯት ካለ ከመካከላቸው ይሁን።

አሁን ጾሙ ሲገባ ለምን እንደሚብሱ ልንገራችሁ፤ ይህ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከብት አይታረድም፤ አጥንቱም፣ ሽንፍላውም፣ ቆዳውም ከሰፈር ይጠፋል። ዓመቱን ሙሉ በኛ ትርፍራፊ የኖረ ጅብ ግን ጾም አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በትግራይ የተሠራ ጥናት አለ። አጥኚዎቹ ከጾሙ በፊት፣ በጾሙና ከጾሙ በኋላ የጅብ ኩስ ሰብስበው በውስጡ ያለውን ፀጉር መረመሩ። ጅብ አጥንቱን ሳይቀር ይፈጫል፤ ኩሱም ሲደርቅ የሚነጣው ለዚህ ነው። ፀጉር ግን ስለማይፈጭለት እንዳለ ይወጣል፤ የማንን ሥጋ እንደበላ ይመሰክርበታል። በጾሙ ጊዜ የአህያ ፀጉር ብዛቱ ጨመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ትርፍራፊ ሲጠፋ ደጅ ታስራ ያደረችው አህያ ተተካች። ስለዚህ አህያ ያላችሁ ሰዎች፣ በጾም ወራት አህያችሁን ግቢ ውስጥ አስገቧት፤ አጥር ሥር አስራችሁ አትተኙ። ቀን ሙሉ እህል ተሸክማላችሁ የዋለች እንስሳ ሌሊት ለጅብ አትሰጥም። የሞተ ከብትም ገደል አፋፍ አትጣሉ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ። ጅብን ወደ ሰፈር የሚጠራው የኛው እጅ ነው።

ከጅሩ፦ ይህ ሁሉ ለምን? ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ መጣል ነው፤ በአንድ ሌሊት ይገላገሉታል። አባቶቻችንም ሲያደርጉት ነው የኖሩት።

ከእነዋሪ፦ አባቶቻችን በጦርና በወጥመድ ነበር እንጂ በመርዝ ነበር ያለው ማነው? ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ መርዝ ጥሎ የኔን ውሻ ገደለብኝ። ጅቡ ዛሬም ይጮኻል።

ከጅሩ፦ ውሻህን ማሰር ነበረብህ።

ከእነዋሪ፦ የታሰረ ውሻ በግ ይጠብቃል?

ከሞላሌ፦ ሁለታችሁም ተዉ፤ ጋሼን ሰው እየጠበቃቸው ነው።

መላሽ፦ መርዝ የሚለውን ዳግም እንዳልሰማ። የተመረዘውን ጥንብ የሚበላው ጅብ ብቻ አይደለም፤ ቀን ከሰማይ የሚያየው ጥንብ አንሳም ነው። አንድ ጥንብ ላይ በመንጋ ይወርዳሉና በመንጋ ያልቃሉ። ጥንብ አንሳ ሲያልቅ ሬሳው ሜዳ ላይ ይከርማል፤ ጅብና ባለቤት አልባ ውሻ ይፈላበታል። ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ ይከተላል። ወንድሜ፣ ከጅብ እገላገላለሁ ብለህ ጅብ እያረባህ ነው።

ከአንኮበር፦ ጋሼ፣ ቡዳ የሆነ ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚባለው እውነት ነው? እኛ ዘንድ የታወቀ ነገር ነው።

መላሽ፦ አይሆንም። ጅብ ከጅብ ይወለዳል። በዚህ ወሬ ስንት ሸክላ ሠሪና አንጥረኛ ከጎረቤቱ ተለይቶ እንደኖረ ታውቃላችሁ፤ ድስታቸውንና ማረሻቸውን እየተጠቀምን ስማቸውን ማጥፋት ግፍ ነው። ወደሚቀጥለው።

ከአንኮበር (ሌላ)፦ ግን ጋሼ፣ ጅብ ወንድም ሴትም ነው የሚሉትስ?

መላሽ፦ ይህኛው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የተነሳበት ምክንያት አለውና። የሴቷ ብልት አፈጣጠሩ የወንዱን ይመስላል፤ ሽማግሌ አዳኞችም ያሳሳታል። ሁለት ፆታ ግን የላትም፤ ሴት ናት፣ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። ደግሞ በጅብ መንጋ የበላይዋ ሴቷ ናት፤ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ ሥጋም ላይ ትቀድማለች።

ከሳሲት፦ ጃርት ድንቹን ጨረሰው። እሾሁንስ ይወረውራል እንዴ?

መላሽ፦ አይወረውርም። ወደ ኋላ እየተንደረደረ ይወጋል፤ እሾሁ በቀላሉ ይነቀልና የወጋው ላይ ይቀራል። ውሻህን አትልቀቅበት። ለድንቹ፣ አጥሩ መሬት ገባ ያለ መሠረት ይኑረው፤ ከሥር ፈልፍሎ ነውና የሚገባው።

ከመሐል ሜዳ፦ ቀበሮ ሁለት ግልገል በላብኝ። ብገድለው ያስጠይቀኛል?

መላሽ፦ የትኛው ቀበሮ? ግራጫው ነው ቀዩ? ቀን ነው ማታ? ምን አየህ? ይህን ሳትጽፍ «ልግደል» አትበለኝ።

ከመሐል ሜዳ፦ ወደ ማታ ነው፤ ቡናማ ነገር ነው፤ በደንብ አላየሁትም።

መላሽ፦ እንግዲያው አስተውለህ ስማኝ፤ ሌሎቻችሁም አንብቡ። ቀይ ቀበሮ እግሩ ረጅም፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ፣ ቀለሙ የዛገ ብረት ነው፤ አንገቱ ሥርና ሆዱ ነጭ ነው፤ ጅራቱ ከመነሻው ነጣ ብሎ ጫፉ ይጠቁራል። ቀን ቀን ጓሳው ሣር ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፣ ቆም ይላል፣ ጆሮውን ወደ መሬት ያዘነብላል፣ ከዚያ ዘሎ አይጥ ይይዛል። ምግቡ በአብዛኛው አይጥ ነው፤ ገብስህን ከሥሩ የሚበላውን አይጥ ማለቴ ነው። ግራጫው ግን፣ ተኩላ የሚሉትም አሉ፣ ጀርባው ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት፣ ቁመቱ አጠር ያለ ነው፤ ግልገል የሚነጥቀው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። በሱ ጥፋት ቀዩ ይገደላል።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የለም፤ ለመውለድ የደረሱት ተቆጥረው 500 አይሞሉም። ከነዚያ ጥቂቶቹ የሚኖሩት እናንተው መንዝ፣ ጓሳ በሚባለው የደጋ ሣር ምድር ላይ ነው። መግደሉ በሕግ የተከለከለ ነው፤ አዎ፣ ያስጠይቃል። ሕግ ባይኖር እንኳ የመንዝ ሰው ጓሳን ከማንም ቀድሞ ጠብቋል፦ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ቀን ቆርጦ የሚከፍትበት የአባቶች ሥርዓት እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ቆይቶ ነበር። ዛሬም ጥበቃው በማኅበረሰቡ እጅ ነው።

ሌላም ልጨምር። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መንጋ መሀል ገብቶ ሲያድን አይታችኋል? ጭላዳው አይሸሸውም፣ እሱም ግልገሉን አይነካበትም። ይህን የተከታተሉ ተመራማሪዎች በመንጋው መሀል ሲያድን ከሦስት ሙከራው በሁለቱ ገደማ አይጥ እንደሚይዝ፣ ብቻውን ሲሆን ግን ከአራት አንድ ብቻ እንደሚሳካለት በ2015 እ.ኤ.አ. አስታወቁ።

ቀይ ቀበሮን የሚጨርሰው ከጥይት ይልቅ የውሻችን በሽታ ነው። ውሻችሁን አስከትቡ፤ በግ ስታሰማሩ ጓሳ ውስጥ አትልቀቁት። ግልገልህን ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉሮኖ አስገባ።

ከሸዋ ሮቢት፦ እባብ ቤት ገባ። ጋሼ ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የእባብ ሰው አይደለሁም። ልጆቹን አውጣ፣ በሩን ክፈትለት፣ አትንካው። የተነደፈ ካለ አይታሰር፣ አይበጣ፣ አይመጠጥ፤ እጅና እግሩን ሳያንቀሳቅስ ሆስፒታል ይወሰድ።

ከጣርማ በር፦ ጭላዳ ገብሱን ጨረሰብን። ደግሞ መንገድ ላይ ያሉት መኪና ሲቆም እየሮጡ ይመጣሉ።

መላሽ፦ መንገድ ላይ ያሉትን ያባለጋቸው ሙዝና ዳቦ የሚወረውር መንገደኛ ነው። ጭላዳ ሣር በል ነው። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ግን ሣሩን ትቶ መኪና ሥር ይገባል፤ አንድ ቀን ልጅ ይቧጭራል። የወንዱ የውሻ ክራንቻ ረጅም ነው፤ ከንፈሩን ገልብጦ ሲያሳያችሁ «ራቁ» ማለቱ ነው፤ ፎቶ ለማንሳት አትጠጉት። ለገብሱ፣ ጭላዳ ሌሊት ገደል ላይ ያድራልና የሌሊት ጥበቃ አያስፈልግም። ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው ወደ ሜዳው የሚወጣው። ጠባቂው ማለዳ ከአፋፉ ላይ ይድረስ፤ ከገብሱ መሀል ሆኖ ከማባረር ገና ሲወጡ መመለስ ይቀላል። ወንጭፉ ለማስደንገጥ እንጂ ለማቁሰል አይሁን። ደግሞ እርሻችሁን እስከ ገደሉ አፋፍ አታድርሱ። የሣር ድንበር የሌለበት ቦታ መጀመሪያ የሚያገኙት ገብስ ነው፤ ምን ይብሉ?

ከወፍ ዋሻ ደን ጥግ፦ ጠዋት ስነሳ ፍየሌ ከበረቱ የለችም። ደም አለ። ካቡ ከፍ ያለ ነው። ጅብ ነው ነብር?

መላሽ፦ ዱካውን እይ። የጅብ ዱካ ላይ የጥፍሩ ምልክት ይታያል፤ ነብር ጥፍሩን ስለሚሰበስብ ዱካው ክብ ሆኖ ጥፍር አይታይበትም። ጅብ ቢሆን እዚያው ይቀራመታል፣ ጩኸት ትሰማ ነበር። ነብር ብቻውን ነው፤ ጉሮሮ ይይዛል፣ ያለ ድምፅ ይዞ ይወጣል፣ ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ካብ ምንም ያህል ቢቆለል ለነብር ደረጃ ነው። በረቱ ጣራ ይኑረው። ከላይ በአጠና አጥብቀህ ረብርበው፤ መዝጊያውም ከውስጥ መወርወሪያ ያለው ይሁን። ፍለጋ ግን ደን ውስጥ አትግባ፤ ከሚበላው ላይ የደረስክበት ነብር አደገኛ ነው።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ ጅብ ሲያጋጥም ምን ይደረጋል?

መላሽ፦ ከላይ ለደብረ ብርሃኑ ልጅ የመለስኩትን አንብቢ፣ እህቴ። የተመለሰ ጥያቄ አትመልሱብኝ፤ ሰው ተራ ይጠብቃል።

ከዓለም ከተማ፦ ታናሽ ወንድሜን አንድ ነገር ነክሶት ነበር። ችግር አለው?

መላሽ፦ «አንድ ነገር» ምንድን ነው? መቼ?

ከዓለም ከተማ፦ ውሻ የሚመስል ነገር፤ ሳምንት አልፎታል። ቁስሉ ድኗል። አያታችን ቅጠል አድርገውለታል።

መላሽ፦ ቁስሉ መዳኑ ምንም አይነግርህም። የእብድ ውሻ በሽታ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ይቆያል። ምልክቱ ከታየ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለም። ምልክቱ ሳይታይ ክትባቱን ከጀመረ ግን ይድናል፤ ዘግይቶም ቢሆን መጀመር አለበት። ነገ አትበል፣ ዛሬ ይሂድ። እሳቸውን አያታችሁን አትቆጧቸው፤ ጠበልም ከፈለጉ ይሂዱ፤ ክትባቱን ግን ማንም አያስቀርበት። በተለያየ ቀን የሚወሰድ ነው፤ አንዱን ወስዶ ማቆም የለም። ሐኪም ቤት ስትደርሱ ጻፍልኝ።

ከጅሩ፦ ጋሼ፣ የመርዙን ነገር ተውኩት። ጉሮኖውን እንዴት ልሥራው?

መላሽ፦ እግዚአብሔር ይስጥህ። ለወፍ ዋሻው የጻፍኩት ላንተም ይሠራል። መሠረቱን ጥልቅ አድርገህ ድንጋይ ሙላው፤ ጅብ ከሥር ይቆፍራል።

ከዓለም ከተማ፦ ጋሼ፣ መኪና አግኝተናል፣ ወደ ሆስፒታል እየወሰድነው ነው።

መላሽ፦ በርቱ። መቼ፣ የት፣ ምን እንደነከሰው ለሐኪሙ በደንብ ይንገር። ያ ውሻ ሌላ ሰው ነክሶ እንደሆነም ሰፈሩን ጠይቁ፤ የተነከሰ ሁሉ አብሯችሁ ይሂድ።