እህቴ የላከችልኝን የእርድ እንክብል ልጀምር?

ጥያቄ፦ 48 ዓመቴ ነው፤ አዳማ እኖራለሁ። ክብደቴ 80 ኪሎ ነው። ስኳር ስላለብኝ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። በቅርቡ አልትራሳውንድ ስነሳ ጉበቴ ላይ ስብ ታየ። ሐኪሙ “ክብደት ይቀንሱ” ብሎ ሸኘኝ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ቁንዶ በርበሬ የተጨመረበት የእርድ እንክብል ላከችልኝ። “ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም” ትላለች። ልጀምረው?

መልስ፦ አይጀምሩት እህቴ። ወጥ ውስጥ የሚገባውን እርድ ግን አይፍሩት፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።

እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን በጉበት ስብ ላይ ተሞክሯል። ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ ከፍ የሚለው የጉበት ኢንዛይም ዝቅ ያለባቸው ጥናቶች አሉ። አብዛኞቹ ግን በጥቂት ሰዎች ላይ፣ ለጥቂት ወራት የተሠሩ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ቁንዶ በርበሬው ነው። ኩርኩሚን ብቻውን ወደ ደም እምብዛም አይገባም። ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፒፐሪን ግን በብዙ እጥፍ ያስገባዋል። አሜሪካና ጣሊያን ውስጥ የእርድ እንክብል ወስደው ጉበታቸው የተቆጣ ሰዎች ተመዝግበዋል፤ አሜሪካ ውስጥ ሕይወቱ ያለፈም አለ። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም። ቢሆንም የታመመ ጉበት ይዞ ይህን መሞከር ለምን?

ፋርማሲ ስሠራ “ከተክል ነው የተሠራው” የሚለውን ሁልጊዜ እሰማለሁ። እኔም በተክል አምናለሁ። የሚወስዱት ሜትፎርሚን እንኳ መነሻው ጋሌጋ የሚባል ተክል ነው። በውስጡ ያለው ጋሌጊን ስኳር ያወርዳል፤ መርዛማነቱ ግን አላስኬደም። ኬሚስቶች የእሱን ዘመድ የሆነ፣ ጉዳቱ ያነሰ ውህድ ሠሩ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስቴርን በስኳር ሕሙማን ላይ ሞክሮ ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። መጠኑ ተለክቶ፣ ጉዳቱ ተጠንቶ ነው እርስዎ ጋ የደረሰው።

ከተክል ከሆነ እኔ የምመክርዎት ቡና ነው። ቡና አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው ላይ ጠባሳ የመገኘቱ ዕድል ዝቅ ያለ እንደሆነ በተለያዩ አገሮች ታይቷል። እንቅልፍ ካልነሳዎት ይጠጡ፤ ስኳሩ ይቅር።

“ይቀንሱ” ብቻ ተብለው መሸኘትዎ አሳዝኖኛል፤ ስንት እንደሆነ ሊነገርዎት ይገባ ነበር። ከ80 ኪሎ 4 ሲወርድ ስቡ ይቀንሳል። 8 ከወረደ ጠባሳም ካለ ሊሻሻል ይችላል። ለስላሳ መጠጥ ያቁሙ። በጾም ወቅት ዳቦና ፓስታ እንዳይበዛ፤ ሽሮና ምስር ይሻላል፣ ዘይቱ ቀነስ ብሎ።

እንክብሉን ጀምረውት ከነበረ ዛሬውኑ ያቁሙ። ሽንትዎ ከጠቆረ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሰውነትዎን ካሳከከዎት በዚያው ቀን ይመርመሩ። ሲሄዱ የእንክብሉን ዕቃ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ምን እንደያዘ ማንበብ አለበት።